የዩሬተርና የሬናል ፔልቪስ ካንሰር፦ ስቴጁን በአልትራሳውንድ እንዴት ነው ምናየው

ዩሬተር ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሚያወርደው ቱቦ ነው፣ ሬናል ፔልቪስ ደሞ ኩላሊቱ ውስጥ ሽንቱ ሚሰበሰብበት ክፍል፣ ስቴጅ ማለት ካንሰሩ ምን ያህል እንደገባና እንደተሰራጨ ነው። ይሄን ምጽፈው አልትራሳውንድ ክፍል ለምትሰሩ ልጆች ነው፣ ሬዚደንትም ሁኑ ሶኖግራፈር፣ ዩሮሎጂ ላይ ያላችሁም ብታነቡት አይጎዳም። "የዩሬተር ካንሰር በአልትራሳውንድ ስቴጅ አይደረግም፣ ሲቲ ላኩት በቃ" ሚባለውን ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው፣ ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ግን ስንፍና ነው። ዋናው ምርመራ ሲቲ ዩሮግራፊ (የሽንት መስመሩን በኮንትራስት ሚያሳይ ሲቲ) መሆኑን ማንም አይክድም፣ እኔም አልክድም። ግን አልትራሳውንድ ሲባል ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ ሚመጣው ሆድ ላይ ጄል ቀብተን ምናየው ብቻ ነው። ከውስጥ፣ በራሱ በዩሬተሩ በኩል ሚገባ 2 ሚሊሜትር ሚያህል ፕሮብም አለ፣ እሱ ሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው። ሪፖርታችን ሚበላሸው የአንዱን ጥያቄ ለሌላው ስንሰጠው ነው።

መጀመሪያ ስቴጁን እንግባባበት። ከሽንት መስመር ሽፋን ሚነሳው ካንሰር አብዛኛው ፊኛ ላይ ነው ሚወጣው፣ ላይኛው ክፍል ላይ ማለትም ካሊክስ (ሽንቱ ወደ ፔልቪስ ከመውረዱ በፊት ሚጠራቀምባቸው ትንንሽ ጽዋዎች)፣ ሬናል ፔልቪስና ዩሬተር ላይ ሚገኘው ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት፣ የፊኛው ብዙ ጊዜ ገና ላይ ላዩን እያለ ይገኛል፣ የላይኛው ግን ሲገኝ ከ3ቱ 2ቱ ገደማ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ነው። ግድግዳውም እኮ ስስ ነው፣ የፊኛ ጡንቻ ወፍራም ነው፣ የፔልቪስና የዩሬተር ጡንቻ ግን ሳሳ ያለ ስለሆነ ካንሰሩ ትንሽ ከተራመደ በቃ ስብ ውስጥ ነው።

ቲኤ ማለት ሽፋኑ ላይ ብቻ ያለ፣ ቲ1 ከሽፋኑ ስር ወዳለው ለስላሳ ክፍል የገባ፣ ቲ2 ጡንቻ ውስጥ የገባ፣ ቲ3 ደሞ ጡንቻውን አልፎ ስብ ጋ የደረሰ ነው። ብዙ ሰው ሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ዕጢው ፔልቪስ ላይ ከሆነ ፔልቪሱን የከበበው ስብም፣ የኩላሊቱ ስጋም ቲ3 ነው፣ ካንሰሩ ኩላሊቱን በስቶ በውጪ በኩል ኩላሊቱን ወደ ሸፈነው ስብ ከወጣ ግን ቲ4 ነው፣ አጠገቡ ያለ ሌላ አካል ውስጥ ከገባም እንደዛው። ሁለቱም ስብ ነው፣ ቦታው ግን ለየቅል። ስለዚ "ስብ ውስጥ ገብቷል" ብሎ ጽፎ ማቆም ምንም ማለት አይደለም፣ የቱ ስብ? ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት ሚባለው) ላይ ደሞ ካንሰር የገባበት አንድ ብቻ ሆኖ 2 ሴንቲሜትር ወይ ከዛ በታች ከሆነ ኤን1፣ ከ2 ካለፈ ወይ ከአንድ በላይ ከሆኑ ኤን2።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ሆድ ላይ ምናሳርፈው ኮንቬክስ ፕሮብ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ነው ሚሰራው። ድምፅ ሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ይሄዳል ብለን ስናካፍለው በ3.5 ሜጋኸርዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 0.44 ሚሊሜትር ይመጣል፣ በ20 ሜጋኸርዝ 0.08 ገደማ። እንግዲህ በዛ በትልቁ ሞገድ፣ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ፣ በጎድን አጥንትና በአንጀት ጋዝ መሃል ሾልከን ያቺ የሳሳች ጡንቻ ተበስታለች አልተበሳችም ልንል ነው? ማለትስ ይቻላል፣ ወረቀት ሁሉን ይችላል። ከሆድ በኩል ቲ1ን ከቲ2 ለመለየት አትሞክሩ፣ ሲቲውም ራሱ እዚ ላይ ይቸገራል።

ከሆድ በኩል ታዲያ ምን እናያለን? ብዙ ነገር፣ ግን በቅደም ተከተል እንሂድ።

በሽተኛው ቢቻል 6 ሰዓት ምግብ ሳይበላ ይምጣ፣ ለጋዙ ነው፣ ውሃ ግን ይጠጣ፣ ፊኛው በመጠኑ ይሙላ። በመጠኑ ያልኩት ስለተቃጠልኩ ነው። አንዴ ሽንቱ ደም ሚቀላቅል ሰው መጣልኝ፣ ወረፋ ስላስጠበቅነው ፊኛው ሊፈነዳ ደርሷል፣ ሁለቱም ኩላሊቶች ትንሽ ትንሽ ውሃ ቋጥረዋል፣ "በሁለቱም በኩል ቀላል ሃይድሮኔፍሮሲስ፣ ፊኛው ስለሞላ" ብዬ ጽፌ ላስወጣ ስል ከኋላዬ የቆመው ሲኒየር "አሸንተህ አይተኸዋል?" አለኝ። አላየሁም። ሰውዬው ሸንቶ ሲመለስ የቀኙ ጠፍቷል፣ የግራው ግን እንደነበረ ነው። ከዛ የግራውን ዩሬተር ተከትዬ ስወርድ፣ ፊኛው ውስጥ የቀረችው ሽንት ለመስኮትነት በቅታኝ፣ ልክ ፊኛው ጋ ሊገባ ሲል ቱቦው ውስጥ 14 ሚሊሜትር ሚሆን ጥላ የሌለው ነገር ቁጭ ብሏል። ከዛ ቀን ጀምሮ ሃይድሮኔፍሮሲስ ያየሁበትን ሁሉ አሸንቼ ሳላይ አልጽፍም።

ሃይድሮኔፍሮሲስ እንደ ተራ ግኝት ሚጻፍ ነገርም አይደለም። የአውሮፓ ዩሮሎጂ ማህበር መመሪያ በዚ ካንሰር ላይ ከከፍተኛ ሪስክ ምልክቶች መሃል ነው ሚቆጥረው፣ ቱቦውን የዘጋ ዕጢ ግድግዳው ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ። ሌላው ሪስኩን ሚወስነው ልኬቱ ነው፣ 2 ሴንቲሜትር ድንበር ናት። አንድ ብቻ የሆነ፣ ከ2 ሴንቲሜትር ያነሰ፣ ባዮፕሲውና (ተቆርጦ ሚመረመረው ናሙና) የሽንት ሳይቶሎጂው (የሽንት ውስጥ ሴሎች ምርመራ) ሃይ ግሬድ (መልካቸው ክፉኛ የተለወጠ ሴሎች) ያላሳየ፣ ሲቲው ላይ ወደ ውስጥ የገባ ማይመስል ዕጢ ሲሆን ነው ኩላሊቱን ስለማትረፍ ሚወራው፣ ካልሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኩላሊትና ዩሬተር አንድ ላይ ሊወጣ ነው። ስለዚ እናንተ 19 ብላችሁ ምትጽፉትና 23 ብላችሁ ምትጽፉት ቁጥር መሃል ትልቅ ነገር አለ፣ በሁለት አቅጣጫ ለኩ፣ ምስሉን አስቀምጡ።

ኩላሊቱን ስታዩ መሃሉ ነጭ ነው አይደል፣ የሳይነሱ ማለትም የኩላሊቱ መሃል ክፍተት ስብ ነው። ፔልቪስ ውስጥ ያለ ዕጢ ከዛ ነጭ ጠቆር ብሎ፣ ከኩላሊቱ ስጋ ጋ ተቀራራቢ ግራጫ ሆኖ ነጩን ሁለት ቦታ ከፍሎ ይታያል። ውሃ የቋጠረ ከሆነማ ቀላል ነው፣ ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ከግድግዳው ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ውሃ ከሌለ ግን ከበርቲን ኮለም (ወደ መሃል ገባ ያለ ጤነኛ የኩላሊት ስጋ) ጋ ያምታታል፣ እሱን ሚለየው ከኮርቴክሱ (ከውጪኛው የኩላሊት ስጋ) ጋ ሳይቋረጥ መያያዙ ነው፣ ፕሮቡን ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት ከየት እንደሚመጣ ታዩታላችሁ። ጠጠር ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል፣ ከለር ዶፕለር (ፍሰትን በቀለም ሚያሳየው) ስትከፍቱበትም ከኋላው ሚጨፍር ቅልቅል ቀለም ያወጣል። ዕጢ ላይ ካልሲየም ከተጋገረበት ይሄም ሊያሳስት ይችላል፣ ግን ብዙ አይገጥምም።

ዋናው ፈተና የረጋ ደም ነው። ደም ሚሸና ሰው ፔልቪሱ ውስጥ ደም ቢረጋ ማይገርም ነገር ነው፣ ምስሉ ደሞ ቁርጥ ዕጢ ነው ሚመስለው። መጀመሪያ በሽተኛውን በጎን አስተኙት፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ደግማችሁ እዩ፣ ቦታውን ከቀየረ የረጋ ደም ነው ወይ የፈንገስ ኳስ፣ ዕጢ ስር ስላለው አይሄድም። ካልተንቀሳቀሰ ግን ዕጢ ነው ማለት አይደለም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ደምም አይንቀሳቀስም። ከዛ ዶፕለር ክፈቱ፣ ስኬሉን አውርዱት፣ ፊልተሩን ዝቅ አድርጉት፣ ትንፋሽ አስይዙት። ውስጡ ደም ስር ሲመታ ካያችሁ ዕጢ ነው። ካላያችሁ? ምንም አላወቃችሁም። የዚ ካንሰር ዕጢ ብዙ ደም ሚበላ አይነት አይደለምና "ዶፕለር ላይ ፍሰት የለም፣ ስለዚ የረጋ ደም ነው" ብሎ መጻፍ የምር አደገኛ ነው፣ እንደዛ ተጽፎላቸው ወራት አልፎባቸው ሚመጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ኮንትራስት አልትራሳውንድ ካላችሁ እዚ ጋ ነው ሚጠቅመው። በደም ስር ሚሰጠው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ጋዝ የያዘ ትንንሽ አረፋ ነው፣ ደም ስር ውስጥ ብቻ ነው ሚዞረው፣ ጋዙ በሳንባ ነው ሚወጣው፣ ኩላሊቱ ለደከመበትና የሲቲ ኮንትራስት ለተከለከለ ሰው ጥሩ መላ ነው። ደም ሚደርሰው ዕጢ ሲበራ ታዩታላችሁ፣ የረጋ ደም ግን መጀመሪያም መጨረሻም ጥቁር ነው። ዕጢው ከኩላሊቱ ስጋ ቀድሞ ደብዘዝ ስለሚል ወደ ስጋው የገባ ከሆነ ድንበሩ ከተራው ምስል ይልቅ እዚ ይለያል፣ ለቲ3 ጥያቄ ከሆድ በኩል ያለን የተሻለው መሳሪያ እሱ ነው ባይ ነኝ።

ቲ3ን በተራው ምስል እንዴት እንጠርጥር ካላችሁ፣ በዕጢውና በኩላሊቱ ስጋ መሃል ነጭ የስብ መስመር አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። መስመሯ ካለች ስጋው ውስጥ ገብቷል ሚያስብል ነገር የለም፣ ከጠፋችና የኮርቴክስና የሜዱላ (የውስጠኛው የኩላሊት ስጋ) ድንበር አብሮ ከተደበላለቀ ጠርጥሩ። ግን ትልቅ ዕጢ ስቡን ጨፍልቆም መስመሯን ያጠፋታል፣ ስለዚ "ያጠራጥራል" ነው ሚባለው። አንድ ነገር አይታችሁ አትሸወዱ፣ ይሄ ካንሰር ኩላሊቱን ከውስጥ እየሰረሰረ ነው ሚሄደው፣ እንደ ተራው የኩላሊት ካንሰር ጎልቶ ኳስ አይሰራም፣ ኩላሊቱ የኩላሊት ቅርጹን እንደያዘ ውስጡ በሙሉ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሬናል ቬይኑንና ታችኛውን ትልቁን ቬይን በዶፕለር እለፉባቸው፣ እዚ ካንሰር ላይ ብዙ ባይገጥምም ቬይን ውስጥ ሚገባበት ጊዜ አለ።

ዩሬተሩ ላይ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። በሽተኛውን በጎን አስተኝታችሁ ከኩላሊቱ ጀምራችሁ ተከተሉት፣ የላይኛው ክፍል በኩላሊቱ መስኮትነት ይታያል፣ መሃሉ በጋዝ ይጠፋል፣ ኢሊያክ አርተሪን ሚያቋርጥበት ጋ ጠበቅ አድርጋችሁ ጫን ብትሉ አንዳንዴ ይመጣል፣ የታችኛው ደሞ በፊኛው በኩል ጥሩ ሆኖ ይታያል፣ ሴቶች ላይ በትራንስቫጃይናል ፕሮብ የበለጠ። ደስ ሚለው ከዩሬተር ዕጢዎች 70 በመቶ ገደማ ሚሆኑት የታችኛው ክፍል ላይ ናቸው፣ ማለትም ልናየው ምንችልበት ቦታ። ጠጠር ሲዘጋው ከጠጠሩ በታች ያለው ቱቦ ጥብቅ ይላል፣ ዕጢ ግን ቀስ እያለ ስለሚያድግ ከስሩ ያለውንም ይለጥጠዋል፣ ዋንጫ ይመስላል። ይሄ በይበልጥ ኮንትራስት በሚገባበት ኤክስሬይ ላይ ሚታወቅ ምልክት ነው፣ ግን ታችኛው ዩሬተር ላይ በአልትራሳውንድም አይቼዋለሁ። ፊኛው ውስጥ ከየዩሬተሩ ሚረጨውን ሽንትም በከለር ዶፕለር ጠብቃችሁ አወዳድሩ።

ኖዶቹን በጎኑ ፈልጉ፣ የግራ ዕጢ ከአኦርታው ጎን፣ የቀኝ ዕጢ ከትልቁ ቬይን ጎንና ኋላ፣ የታችኛው ዩሬተር ደሞ ኢሊያክ ደም ስሮቹ ጋ። አጭሩ ስፋቱ ከ10 ሚሊሜትር ያለፈ፣ ክብ የሆነ፣ መሃሉ ያለው ነጭ ስብ የጠፋበት ኖድ ይጠረጠራል። ወፍራም ሰው ላይ ኖድ አላየሁም ማለት ኖድ የለም ማለት አይደለም፣ እንደዛው ብላችሁ ጻፉት። ጉበቱን እዩ። ፊኛውን ደሞ እባካችሁ እዩ፣ ላይኛው ላይ ይሄ ካንሰር ካላቸው ሰዎች ከ6ቱ አንዱ ገደማ በዛው ሰዓት ፊኛው ላይም አለው።

አሁን ከውስጥ ሚገባው ፕሮብ። ይሄ ሁሉ ቦታ የለም፣ የወጡት ጥናቶችም ጥቂት ጥቂት በሽተኛ ላይ የተሰሩ ናቸው፣ ስለዚ እንደ ደረጃውን የጠበቀ ምርመራ አትዩት። ግን ቲ ስንት ነው ሚለውን ግድግዳው ላይ ቆሞ ሚያይ አልትራሳውንድ እሱ ነው። በዩሬተሮስኮፕ (ዩሬተር ውስጥ ሚገባ ካሜራ) ሚቆረጠው ባዮፕሲ ቁንጥር ስለሆነ ግሬዱን ይነግረናል እንጂ ጡንቻ ይዞ አይመጣም፣ ክፍተቱ እዛ ጋ ነው። ዩሬተር ውስጥ መግባት ራሱ ግን ዋጋ አለው፣ ከዋናው ኦፕራሲዮን በፊት ዩሬተሮስኮፒ የተደረገላቸው ሰዎች ላይ ፊኛ ውስጥ ካንሰሩ መልሶ ሚወጣው ይበዛል። ስለዚ ሲቲው ላይ ቲ3 በግልጽ ከታየ ለማረጋገጥ ተብሎ አይገባም። ኩላሊቱ አንድ ብቻ የሆነ ወይ የደከመ ሰው፣ ዕጢው ትንሽ የሆነና ይትረፍለት አይትረፍለት እየተባለ ያለ ሰው ላይ ነው ትርጉም ሚሰጠው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። በሽተኛው ተደንዝዞ፣ በሲስቶስኮፕ (ፊኛ ውስጥ ሚገባ ካሜራ) ተገብቶ፣ ኮንትራስት ተረጭቶ ዕጢው ያለበት ይታያል፣ ጋይድ ዋየር (መሪ ሽቦ) ከዕጢው በላይ ያልፋል፣ 6 ፍሬንች (2 ሚሊሜትር) ገደማ የሆነው ፕሮብ በሱ ላይ ይገባል፣ ከ12.5 እስከ 20 ሜጋኸርዝ፣ ዙሪያውን 360 ዲግሪ ያያል፣ በ20 ሜጋኸርዝ ጥልቀቱ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከዕጢው በላይ አሳልፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ሳቡት፣ ስትገፉ አይደለም ምታዩት ስትስቡ ነው። ቱቦው በሴላይን (በጨው ውሃ) ይሞላ፣ ሲሪንጁ ውስጥ አየር እንዳይኖር። አንዲት አረፋ ግድግዳው ላይ ጥላ ከጣለች ጡንቻው የተቋረጠ ይመስላችኋል፣ ቲ2 ብላችሁ ትወጣላችሁ።

ምስሉ ላይ ላይና ታች የለም፣ ፊትና ኋላ የለም፣ ክብ ነገር ነው። ጠፋብኝ ስትሉ ደም ስሮቹን ያዙ፣ በግራ በኩል አኦርታው ይመታል፣ በቀኝ ትልቁ ቬይን አለ፣ ዝቅ ስትሉ ኢሊያክ አርተሪው ይመጣል፣ ከኋላ ሶአስ ጡንቻ። ይሄ ፕሮብ ድሮ ለሌላ ስራም ይውል ነበር፣ የጠበበ የፔልቪስና የዩሬተር መገናኛ በኦፕራሲዮን ከመሰንጠቁ በፊት እዛ ጋ ሚያቋርጥ ደም ስር እንዳለ ለማየት፣ ስለዚ ደም ስር ማሳየት አይቸግረውም።

ግድግዳውን ስታነቡ መጀመሪያ ዕጢው ላይ አትሂዱ። 2 ሴንቲሜትር ራቅ ብላችሁ ጤነኛውን ግድግዳ እዩ፣ የዛን ሰው ጡንቻ መልክ አይናችሁ ይልመደው፦ ወደ ውስጥ ነጭ መስመር፣ ከዛ ጠቆር ያለ ቀለበት፣ ከዛ ውጪው ነጭ ስብ። ቀለበቱ በጤነኛው ላይ ካልታያችሁ ዕጢው ስር ተቋርጧል ልትሉ አትችሉም። ከዛ የዕጢው ጫፍ ላይ ሳይሆን ግድግዳውን የያዘበት ስር ላይ ቁሙ። ጥቁሩ ቀለበት ከስሩ ሳይቋረጥ ካለፈ እስከ ቲ1 ነው። ቀለበቱ ተቆርጦ ውጪው ድንበር ለስላሳ ሆኖ ከቀረ ቲ2። ውጪው ድንበር ተቦጫጭቆ ጥቁር ጣት መሳይ ነገር ነጩ ስብ ውስጥ ከገባ ቲ3። ቲኤን ከቲ1 አይለይም፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ሽፋኑ ላይ ብቻ ያለውን ካንሰርም አያይም።

ፕሮቡ ከተንጋደደ ግድግዳውን በሰያፍ ስለሚቆርጠው ወፍሮና ተደብዝዞ ይታያል፣ መሃል ላይ አቁሙት። ፔልቪስ ውስጥ ይሄ ይከብዳል፣ ሰፊ ስለሆነ ፕሮቡ ወደ አንድ ጎን ይወድቅና የወዲያኛው ግድግዳ ከእይታ ይወጣል፣ ለዛ ነው ዩሬተር ላይ ያገኘሁትን ውጤት ፔልቪስ ላይ ካገኘሁት በላይ ማምነው። ትልቅ ዕጢ ደሞ ድምፁን ራሱ ይውጠዋል፣ ስሩ አይታይም። እና ባዮፕሲው ወይ ሌዘሩ ከመሰራቱ በፊት ነው ሚታየው። አንዴ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው የገባነው፣ ያበጠውና የደማው ግድግዳ ቀለበቱን አጥፍቶት ቲ2 ብለን ጻፍን፣ ፓቶሎጂው ቲ1 ብሎ መጣ። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም።

ሪፖርቱን እኔ እንደዚ ነው ምጽፈው፦ "በሆድ በኩል የተሰራ። የግራ ሃይድሮኔፍሮሲስ አለ፣ ከሸና በኋላም አልጠፋም። ታችኛው ዩሬተር ውስጥ 14 በ9 ሚሊሜትር፣ ጥላ የሌለው፣ በጎን ሲተኛ ያልተንቀሳቀሰ፣ ውስጡ ፍሰት ያለው ነገር። ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ስቡ የገባ አይመስልም፣ የግድግዳ ውስጥ ጥልቀቱ በዚ ምርመራ አይወሰንም። መሃለኛው ዩሬተር በጋዝ ምክንያት አልታየም። ፊኛው ውስጥ ሌላ ዕጢ አልታየም። ትልቅ ኖድ አልታየም፣ የአኦርታው ጎን በከፊል ብቻ ነው የታየው። ሲቲ ዩሮግራፊ ይሰራ።" ዩሮሎጂስቱ ደውሎ "ታዲያ ቲ ስንት ነው?" ካላችሁ "ከሆድ በኩል ነው ያየሁት" በሉት፣ ይገባዋል።